«ሰፊ»ን ሁለት ጊዜ ማንበብ፦ አንድ ኅብረ ቃል እንዴት እንደሠራሁ

አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት አይታይም። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሲላላ ደግሞ መርፌና ክር የያዘ ባለሙያ። ፊደሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ኅብረ ቃል፣ ሁለት ፍች በአንድ ጊዜ የሚሸከም ቃል፣ የሚያድረው እዚህ ላይ ስለሆነ ግጥሙን የጀመርኩት ከሐሳብ ሳይሆን ከቃል ነው።

እጩዎቼ አራት ነበሩ፦ ገና (ጠብቆ በዓሉ፣ ላልቶ «እስካሁን»)፣ ዋና (ጠብቆ ዋነኛ፣ ላልቶ የውኃው)፣ መላ (ጠብቆ ሁሉ፣ ላልቶ ዘዴ) እና ሰፊ። መላን ሰዋስው ጣለው፤ «ሁሉ» ሲሆን «መላ አገሩ» እንደምንለው የሚከተለው ስም ይፈልጋል፣ ዘዴ ሲሆን ግን ብቻውን ይቆማል። «ሰፊ ባይሆን» ለሁለቱም ፍች ያለ ጭንቅ ይሆናል። ከዚያም በላይ «ልበ ሰፊ» የሚል የተለመደ አነጋገር አለን። የሰሚው ጆሮ ሳይነገረው ወደዚያ ያደላል፤ ሰሙን፣ ላይ ላዩን የሚሰማውን ፍች፣ ቋንቋው ራሱ አዘጋጅቶልኛል ማለት ነው።

ልኩ የወል ቤት ነው፣ 6 ቀለም (ክፍለ ቃል) በ6 ቀለም፦

ስንቱ ቀዶት ሄደ፣ ስንቱ ተረተረ፤
ልቤ ሰፊ ባይሆን፣ መች ይተርፍ ነበረ።

ቀለም ሲቆጠር ፊደል አይቆጠርም። «ይተርፍ» 4 ፊደል ሲሆን 2 ቀለም ብቻ ነው፤ ድምፅ አልባው ሳድስ ከፊቱ ካለው ጋር ይዋጣል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ነው።

ሰሙ፦ ልቤ ታጋሽ ባይሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ወርቁ፣ የተሰወረው ፍች፦ ልቤ ራሱን መልሶ ባይሰፋ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንዱ መቻል ነው፣ ሌላው ሥራ።

በመጀመሪያው ንድፍ «መርፌ» የሚል ቃል ነበረበት፣ አወጣሁት። መርፌ ሲጠራ ሰሚው ልብስ ሰፊውን አስቀድሞ ያያል፤ «ሰፊ» ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ነገር የለም። «ቀደደ» ግን ለልብም ለጨርቅም ይባላል። «ተረተረ» ወደ ስፌት ያዘነብላል፣ ስለዚህ በስንኙ መጨረሻ፣ ከኅብረ ቃሉ በፊት አኖርኩት። ፍንጭ አንድ ይበቃል።

ቀጥሎ ቃሉን ለወጥኩ። በ«ሰፊ» ቦታ «ታጋሽ» ሳስገባ ልኩም ትርጉሙም ይቆማል፣ ወርቁ ግን ይጠፋል። የቋንቋ ሊቁ ሶሲር በጄኔቫ ያስተማረው፣ ከሞተ በኋላም በ1916 እ.ኤ.አ. የታተመው ትምህርት፣ ምልክት ዋጋውን የሚያገኘው በቦታው ሊገቡ ይችሉ ከነበሩት ምልክቶች በመለየቱ ነው ይላል። የቅኔ ተማሪ ይህን ቃል በቃል እየተካ በእጁ ያውቀዋል። ቃሉ ተለውጦ ምንም ካልጎደለ ኅብር አልነበረም።

«ሰም መሸፈኛ ነው» የሚለውን አልቀበልም። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያሞቀዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። የተጣመመ ሰም የተጣመመ ወርቅ ይሰጣል። ስለዚህ ስንኙን ወርቁን ላላየ ሰው አነባለሁ፤ ለእሱም ሙሉ ግጥም መሆን አለበት። «ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ጉድለቱ የሰሙ ነው።

ድምፅ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ወረቀት ሁለቱን ፍች ይሸከማል፣ አፍ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። መፍትሔዬ ሁለተኛውን ስንኝ መድገም ነው፤ መጀመሪያ አጥብቆ፣ ቀጥሎ አላልቶ። ተገልብጦ ከተነበበ ወርቁ ቀድሞ ይወጣና ድግግሞሹ ትርፉ ድካም ነው።

በግዕዝ ሞክሼ ፊደላትም፣ ዛሬ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያየው፣ ያጋልጣሉ። ሰረቀ የሌባ ነው፣ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት፤ በጽሑፍ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ይዘጋል። በአማርኛው ደግሞ የማጥበቂያ ምልክት አለ፣ በአንዳንድ መዝገበ ቃላት ከፊደሉ አናት የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች። አንባቢን ልርዳ ብሎ አርታኢ «ፊ» ላይ ካኖራቸው ልብስ ሰፊው ከግጥሙ ይወጣል። ረቂቁን በምልክበት ጊዜ «ያለ ማጥበቂያ ይታተም» ብዬ ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ።