ዹፌ!

ዛሬ ጠዋት አዳማ መናኸሪያ። አንድ አባት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉኝና "ከን አሰላ ዹፌራ?" አሉኝ። የአሰላው መጥቷል ወይ ነው ጥያቄው። ወዲያው ነው የገባኝ። አፌ ግን "አልመጣም አባባ" ብሎ በአማርኛ መለሰ።

እሳቸውም ገባቸው። በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታሪፉ ቀጠሉ፤ እኔ በአማርኛ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ አወራን፤ አንዳችንም አልተቸገርንም።

ያሳፈረኝ ሌላ ነው። መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ሂን ዹፍኔ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት። ደፈር ብዬ ሞከርኩት። "ሂን ዱፍኔ።" አባባ ሳቁ። የኔ "ዱ" የአማርኛው ናት። የእሳቸው "ዹ" ግን ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ ነው የምትወጣው። በግዕዝ ፊደል ስትጻፍ ዸ የምትባል ለብቻዋ የሆነች ፊደል አለቻት፤ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ደግሞ ዲ እና ኤች አጣምሮ ይጽፋታል። አፋቸውን ከፈት አድርገው ምላሳቸውን አሳዩኝ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም አጎንብሼ አየሁ። (ረዳቱ ምን እንዳሰበ እንጃ።)

ስትሰማ ዝናቡ፣ የሰውየው እጅ፣ የቆምክበት ቦታ ሁሉ ያግዝሃል። ስትናገር ግን ብቻህን ነህ። እንግሊዝኛም ላይ ያው ነን፤ ፊልሙን ያለ ትርጉም ጨርሰን ቱሪስት መንገድ ሲጠይቀን በጣት እንጠቁማለን።

አባዱላው ብቅ ሲል አባባ ዝም ብለው አዩኝ። እየጠበቁኝ ነው።

"ዹፌ!" አልኩ።

"መጣ!" አሉ እሳቸው፣ በአማርኛ።