በጥላው ውስጥ የፈለግሁት ዋልታ

ሰኔ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ በሰሜናዊ ቺሊ በኤልኪ ሸለቆ፣ ከቪኩኛ ከተማ አጠገብ ካለ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ተቀምጬ ሙሉውን የፀሐይ ግርዶሽ እጠባበቅ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዱኝ በፀሐይ ዋልታዎች ላይ እንደ ላባ ቀጥ ብለው የሚቆሙት፣ ባለሙያዎች ፕሉም የሚሏቸው ቀጫጭን ጨረሮች ናቸው። አጥርተው የሚለዩት ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ጸጥ በምትልበት ጊዜ ሲሆን፣ ያ ወቅትም እንዲሁ ነበር።

ከቀኑ 10 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ የመጨረሻዋ የብርሃን ፍንጣቂ ስትጠፋ፣ ማጣሪያውን አውልቄ ባይኖኩላሬን አነሣሁ። የለመድኋቸው ሥዕሎች ሰሜንን ከላይ ስለሚያደርጉ ዋልታውን ከላይ ፈለግሁት፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለችበት በዚያ ሰዓት ግን፣ ሰሜናዊ ዋልታዋ ከታች በቀኝ በኩል ነበር። ግርዶሹ ከሚቆይባት ሁለት ደቂቃ ከምናምን ላይ ስንት ሰከንድ እንዳባከንሁ እንጃ። በመጨረሻ ሳገኘው፣ በማግኔት ጫፍ ላይ እንደተነሰነሰ የብረት ብናኝ፣ ነጫጭ ዘንጎች ከጨረቃ ጥቁር ጠርዝ ተነሥተው እየሳሱ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸውም ጠቆር ያሉ ክፍተቶች አሉ።

የብረት ብናኙን ያነሣሁት ለማስዋብ ብቻ አይደለም፤ በዋልታዎቹ ላይ ያለው የኮሮና (የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ አየር) ቀዳዳ የመግነጢስ መስመሮች ወደ ጠፈር የተከፈቱበት ስፍራ ነውና። የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሙቀቱ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ የሚደርሰው ኮሮና ረግቶ መቀመጥ እንደማይችልና ዘወትር ወደ ውጭ እንደሚፈስ በስሌት አሳየ፤ ዩሊሲስ የተባለችው መንኮራኩርም እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 በዋልታዎቹ አቅጣጫ ስታልፍ ይህ ፍሰት፣ ማለትም የፀሐይ ነፋስ፣ በሰከንድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲፈስ ለካች።

እንግዲህ ነፋሱ የሚወጣው ከዘንጎቹ ነው ወይስ ከክፍተቶቹ? ዘንጎቹ የሚያበሩት ኤሌክትሮኖች ስለሚበዙባቸውና የፀሐይን ብርሃን አብዝተው ስለሚበትኑ ነው፤ ድምቀታቸው ስለ እፍጋታቸው እንጂ ስለ ፍጥነታቸው አይናገርም። አንዳንድ ተመራማሪዎች በክፍተቶቹ ውስጥ ያለው ፍሰት እንደሚፈጥን ለክተው ወደዚያ ያደላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በዘንጎቹ ሥር፣ ተቃራኒ የመግነጢስ መስኮች ተጋጭተው እንደገና ሲያያዙ የሚፈናጠሩት ጥቃቅን ፍንጥቅጣቂዎች ነፋሱን እንደሚመግቡ ይሞግታሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም ያን ዕለት በባይኖኩላሬ ተክዤ ያየሁት ክፍተቶቹን ነው።

በክፍተቶቹ ላይ እንዳፈጠጥሁ በጨረቃ ጠርዝ ብርሃን ፈነጠቀ። ባይኖኩላሬን ፈጥኜ ስመልስ፣ የደቡቡን ዋልታ ጨርሶ እንዳላየሁት ትዝ አለኝ።