«ሆርሞኑ ነው» አትበሉኝ

እህቱን በጥፊ ያጮለ ጎረምሳ «ተዉት ባካችሁ፣ ሆርሞኑ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ደሜ ነው የሚፈላው። እዚህ ሐረር ስንቴ እንደሰማሁት!

ሆርሞን ምንም አያደርግም አላልኩም። በ1849 እ.ኤ.አ. በርትሆልድ የሚባል ጀርመናዊ ወንድ ጫጩቶችን ሲያኮላሽ አድገው መጮህም መደባደብም አቆሙ፣ የዘር ፍሬውን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ የከተተላቸው ግን እንደማንኛውም አውራ ዶሮ ሆኑ። እሺ፣ ይሄ ሀቅ ነው።

ግን የኛን ጅቦች እዩዋቸው። ማታ እዚሁ ሐረር ፈላና በር ሄዳችሁ ከሆነ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ሥጋውን እንጨት ላይ አድርጎ ሲዘረጋ ሌላውን ገፍተው የሚመጡት ሴቶቹ ናቸው፣ ወንዶቹ ጭራቸውን ሸጉጠው ዳር ዳር ይላሉ። ታዲያ አለቃዋ ሴቷ ሆና ሳለ ቴስቶስትሮን የሚባለው፣ የወንድ የዘር ፍሬ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ የሚበዛው አዋቂው ወንድ ላይ ነው! እርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ ነው ነገሩ የሚለወጠው፣ አንድሮስቴንዲዮን የሚባል ሆርሞን ታመነጭና እንግዴ ልጁ ላይ ሲደርስ ወደ ቴስቶስትሮን ተቀይሮ ለፅንሱ ይገባል፣ ግልገሎቹም አይናቸውን ገልጠው ጥርስ አብቅለው ተወልደው ገና ከመምጣታቸው እርስ በርስ ይናከሳሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ማሳይ ማራ የወጣ ጥናት ደግሞ ደረጃዋ ከፍ ያለ እናት ያን ጊዜ ሆርሞኑ ስለሚበዛባት ግልገሎቿም ይበልጥ ኃይለኛ ይሆናሉ ይላል።

በቃ ሆርሞን ነው ማለት ነው? አይደለም! ግልገሏ መንጋው ውስጥ ቦታዋን የምትይዘው እናቷ በየጠቡ እየገባች ስለምትደግፋት ነው፣ ማንን መንከስ እንደምትችል በዛው ትማራለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፣ ልጁ እጁን ባነሳ ቁጥር እናት አክስት ጎረቤት ሰብሰብ ብሎ ሰበብ ሲፈልግለት እሱም ማንን መምታት እንደሚችል እየተማረ ነው እኮ፣ እህቱም አብራ እየተማረች ነው።

ሰው ላይ ቴስቶስትሮንና ጠበኝነት ያላቸው ግንኙነት ደካማ ነው፣ እንደውም ፉክክር ውስጥ መግባቱ ራሱ ሆርሞኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዙሪክ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ፣ ሴቶች ቴስቶስትሮን ወይ ባዶ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ብር የመካፈል ጨዋታ ተጫወቱ። ሆርሞኑን የወሰዱት የተሻለ ፍትሐዊ ድርሻ አቀረቡ፣ የወሰዱትን ሳያውቁ «ቴስቶስትሮን ነው የተሰጠኝ» ብለው ያመኑት ግን ሌላውን በጎዶሎ ሊሸኙ ሞከሩ። ያስጨከናቸው እምነታቸው ነው።