ወደ ሺምላ በትንሿ ባቡር

ህንድ የሚማር ሐበሻ በሰሜን ህንድ ተራራ ላይ ያለችውን ሺምላን ማየት ሲያምረው ከቻንዲጋር አውቶብስ ይይዛል። ቶሎ ይደርሳላ! እኔ ግን የጓጓሁት ለባቡሩ ስለነበር ካልካ ሄድኩ። ትልቁ ሐዲድ እዚያ ያበቃና ተራራ የምትወጣዋ ትንሿ ባቡር ትጀምራለች።

ቲኬቱን ቀደም ብዬ በስልኬ ቆረጥኩ። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ የዴልሂ ሰው ሙቀት ሸሽቶ ስለሚጎርፍ፣ ደርሼ እቆርጣለሁ ማለት አያዋጣም።

ሐዲዷ ስፋቱ 76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የድሮው የለገሃር ባቡር እንኳ የአንድ ሜትር ነበር። እንግሊዞች በ1903 (በፈረንጆቹ) የከፈቱት ይህ መስመር 96 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ100 በላይ ዋሻ፣ ከ800 በላይ ድልድይ አለው። ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ የሚቸኩል ሰው አይሞክረው። ኩርባው ሲጠማዘዝ ከኋለኛው ፉርጎ ሆኜ የራሳችንን ሎኮሞቲቭ ጎን ለጎን አየሁት።

በጣም የወደድኩት ባሮግ የሚባለውን ጣቢያ ነው። 1,143 ሜትር ከሚረዝመው ጨለማ ዋሻ ወጥታችሁ ጣቢያው ላይ ዱብ ትላላችሁ። ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ይወርዳል። እኔም ሻይና ትኩስ የድንች ኮትሌት ገዛሁ፤ ጣት ያቃጥላል፣ ቃሪያው ደግሞ አይጣል ነው። እንደሚባለው ጣቢያው የተሰየመበት ባሮግ፣ እዚህ የመጀመሪያውን ዋሻ ከሁለት በኩል ያስቆፈረ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ጫፎቹ አልገጥም ሲሉ አንድ ሩፒ ተቀጣ፤ ውርደቱን አልቻለም፣ ራሱን አጠፋ። በኋላ ለተሠራው ለአሁኑ ዋሻ መስመሩን የጠቆመው ባልኩ የሚባል የአካባቢው ሰው ነው ይላሉ። ዛሬ ሺምላ ያለው የባቡር ሙዚየም በባልኩ ስም ይጠራል።

ሺምላ ከ1864 ጀምሮ የቅኝ ገዢዎቹ የበጋ ዋና ከተማ ነበረች። ቢሮውን ሁሉ ጠቅልለው ከካልካታ እዚህ ድረስ የሚመጡት ለቅዝቃዜው ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ይሄ የሰፈሩ አየር ነው! ቢሆንም ጃኬት ያዙ፣ ማታ ይበርዳል።

ሻንጣችሁ ቀላል ይሁን። የከተማዋ ዋና ጎዳና ሞል ሮድ ላይ መኪና ስለማይገባ ዳገቱን በእግር ነው የምትገፉት። የእንግሊዝ ገዢው ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ አሁን የምርምር ተቋም ነው፤ አትለፉት። ጃኩ ቤተ መቅደስ ስትወጡ መነጽራችሁን ኪስ ክተቱ፤ ጦጣዎቹ ከፊት ላይ መንጭቀው ይሄዳሉ።

ለመመለሻ አውቶብስ ይበቃል። ብቻ ከመሳፈራችሁ በፊት ብዙ አትብሉ፤ ሾፌሮቹ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ አይወዱም።