ስለ አላኒያ አስጋሪዎች እያነበብሁ ስለ ሐይቅ ያሰብሁት

ደሴ፣ ኅዳር

ሰሞኑን ማታ ማታ ሳነብበው የሰነበትሁት ፊክረት በርከስ የተባሉ ተመራማሪ በቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በአላኒያ ስላሉት ዓሣ አስጋሪዎች ያደረጉትን ጥናት ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ይህንኑ ጥናት ስለ ጋራ ሀብት ላቀረቡት ክርክር እንደ አንድ ምስክር ቆጥረውታል። የሥነ ሕይወት ምሁሩ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ሁሉም እንዳሻው የሚጠቀምበት ሀብት መጥፋቱ እንደማይቀር፣ መዳኛውም የመንግሥት ቁጥጥር ወይም ለግል መከፋፈል እንደሆነ ጽፈው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ተሸላሚ የሆኑት ኦስትሮም ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ሀብታቸውን ለረጅም ዘመን ሊጠብቁ እንደሚችሉ ከብዙ አገር በተሰበሰበ ማስረጃ አሳይተዋል።

የአላኒያው ነገር እንዲህ ነው። መቶ የሚሆኑ አስጋሪዎች ዓሣ በሚበዛባቸው ጥቂት ቦታዎች ምክንያት እስከ ጠብ ይደርሱ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት መላ መፈለግ ጀመሩ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ እየሞከሩና እያሻሻሉም አንድ ሥርዓት አጸኑ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የማስገር መብት ያላቸው ሰዎች ስም ይመዘገባል። የአንዱ መረብ የሌላውን ዓሣ እንዳይዘጋ ተራርቀው የተለዩት ቦታዎችም በየስማቸው ይዘረዘሩና ዕጣ ይወጣል። ዕቁብ ለለመደ ሰው ዕጣው ብርቅ አይደለም፤ እኔን ያስደነቀኝ ከዕጣው በኋላ የሚመጣው ነው። እስከ ጥር ድረስ እያንዳንዱ አስጋሪ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ዓሣው በጠረፉ የሚጓዝበትን አቅጣጫ ስለሚያውቁ፣ መልካሙ ቦታ ለሁሉም በተራው እንዲደርስ አድርገው ሠሩት። ጠባቂዎቹም እነርሱው ናቸው፤ ተራው የደረሰ ሰው ቦታውን ሌላ ሲይዝበት ዝም አይልምና፣ የተነሣው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ በቡና ቤት ያልቃል።

ይህን ሳነብ ልቤ ያለው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው፣ ሐይቅ በተባለው ውሃ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በዚያ ውሃ ውስጥ የቆየ ዓሣ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በሰው እጅ የገባ ነው፤ ዛሬ ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ባለፈው ጊዜ ዳር ቆሜ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ መረባቸውን ሲያራግፉ አይቻለሁ። ክሩን በጥፍራቸው ከጉንጯ ሥር ቀስ አድርገው እየሳቡ አንዲት ቆሮሶ አላቀቁ፤ መዳፋቸውን እንኳ አልሞላችም። «አባባ፣ ይህችን ለምን ወደ ውሃው አይመልሷትም?» አልኋቸው። «እኔ ብመልሳት ነገ ማለዳ ሌላው ያወጣታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለ ጋራ ሀብት የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ በዚህች መልስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰውየው ስግብግብ አይደሉም፤ ትንሿ ዓሣ ማደግ እንዳለባት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የጎደላቸው ጎረቤታቸውም እንደሚመልስ የሚያስተማምናቸው ነገር ነው። የአላኒያ ሰዎች የገነቡት ይህንኑ መተማመን ነው።

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ለንግድ ማስገር ፈቃድ እንደሚያስፈልግና ተቆጣጣሪዎች እንደሚኖሩ ይደነግጋል። አዋጁ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በጨለማ ማን የት መረብ እንደጣለ የሚያየው በአጠገቡ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ነው። ወሎ ደግሞ ለዚህ ባዶ እጁን አይደለም። ቅሬ (ዕድር) አለን፤ የቅሬውን ደንብ የጣሰ ሰው ቅጣቱን የሚፈራው ከጎረቤቶቹ ተለይቶ መኖር ስለማይችል ነው። ሲጋጩ የሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚሰማቸው አባጋሮችም አሉን። ዳኝነት የለመደ ሕዝብ ስለ መረብ ዓይን ስፋት መዳኘት አያቅተውም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል የአላኒያን ሥርዓት እንዳለ እናምጣው ማለቴ አይደለም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የምትራባውም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ በሐይቅ ቦታ መዟዟር ብቻውን አይበቃም፤ በመራቢያ ወቅት መረብ የማይጣልባቸው ዳርቻዎች ተለይተው መከበር አለባቸው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ አስጋሪውን ከእነዚያ ዳርቻዎች የሚመልሰው ምን እንደሆነ ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

ስለ ሐይቅ አስጋሪዎች ያወጣሁትን የምርምር ዕቅድ ዛሬ ማታ እንደገና እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያ ረቂቄ ላይ መጠይቁ የሚጀምረው ስለ ዓሣው መጠንና ስለ ገቢ በመጠየቅ ነበር፤ አሁን ግን አስጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚከለካከሉት ነገር ምን እንደሆነ፣ አንዱ ሲያጠፋ ማን እንደሚናገረው፣ እምቢ ሲልስ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚሄድ በመጠየቅ ይጀምራል።