ትራኩ ረዘመ፣ ማርሹ ተከተለ፦ ከሦስተኛው የበረዶ ወቅቴ ማስታወሻ

አምና የካቲት ላይ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ራቢት ኢርስ ፓስ አጠገብ ያለች አንዲት ዳገት አሸነፈችኝ። አራቴ ሞከርኩ፣ አራቴም እዚያው ቦታ ላይ ሰመጥኩ። በረዶው ሌሊቱን የጣለ ነበር፤ እንደ ፍኖ ዱቄት የላመ። ጋዝ ስሰጠው ስኖውሞቢሉ (በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተሬ) ከኋላ ይቆፍራል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ከዚያ ቀጥ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ልጆች ግን በጎኔ አልፈው ወጡ። የእነሱ ትራክ፣ ማለትም ከሥር እየተሽከረከረ የሚገፋው ቀበቶ፣ ርዝመቱ 163 ኢንች ነው፣ የኔ 155። ማታ ወደ ኦሮራ ስመለስ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ መሪ ይዤ የማስበው ስለዚሁ ነበር።

ዘንድሮ ትራኩን ቀየርኩ። ከዚያም ማርሹን። ሁለቱን አንድ ላይ የምጽፈው አንደኛው ያለሌላኛው ግማሽ ሥራ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መጀመሪያ ስለ ርዝመቱ። ትራኩ ዙሪያውን የሚሽከረከር የጎማ ቀበቶ ነው። ስለዚህ የተጨመረው ርዝመት ሁሉ መሬት አይነካም፤ ግማሹ ከላይ ይቀራል። ከ155 ወደ 163 ስንሄድ ትክክለኛው ልዩነት 8.6 ኢንች ያህል ነው። በረዶ ላይ የሚያርፈው 4.3 ኢንቹ ብቻ። ትንሽ ይመስላል። ግን ስፋቱ 15 ኢንች ስለሆነ ከ64 ስኩዌር ኢንች በላይ አዲስ መርገጫ ተገኘ ማለት ነው። ላላ በረዶ ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፤ ገንዘብ ያስከፈለኝ እሱ ነው። ያገለገለ ትራክ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ "162 ነው፣ ለአንተ ይሆናል" አለኝ። ጎንበስ ብዬ መቅዘፊያዎቹን (በረዶውን የሚገፉትን የትራኩን ጉብታዎች) በረድፍ ቆጠርኩ፤ 54። የኔን አሮጌ ትራክም ቤት ቆጥሬው ነበር፤ እሱም 54። "ቁጥሩ አንድ ነው፣ ድራይቨሩ ላይ (ትራኩን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ ላይ) ይገጥማል" ብዬ ከፍዬ ጫንኩት። ጋራዥ ውስጥ ድራይቨሩ ላይ ሳስቀምጠው ሁለተኛው ጥርስ ላይ መዛነፍ ጀመረ፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አልገባም።

ነገሩ ፒች ነው። ፒች ማለት ከአንዱ መቅዘፊያ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት ነው። የኔ 2.86 ኢንች ሲሆን፣ በ54 ሲባዛ 154.4 ይመጣል፤ "155" የሚባለው ይሄ ነው። የገዛሁት 3 ኢንች ነበር፤ 3 በ54 ሲባዛ 162። ቁጥሩ አንድ፣ ርቀቱ ሌላ። ለኔ የሚሆነው ባለ 57 ረድፉ ነው፤ 2.86 በ57፣ 163። ገበያ ላይ 2.52ም 3.5ም ታገኛላችሁ። እባካችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ፒች ያህል ለኩና ለአሥር አካፍሉት፤ አንዱን ብቻ ከለካችሁ በቀላሉ ትሳሳታላችሁ።

ትክክለኛውን ካገኘሁ በኋላ ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። መጀመሪያ የካቴናውን ቤት፣ ማለትም ማርሾቹና ካቴናው ያሉበትን ሳጥን፣ ዘይት አፈሰስኩ። የመክደኛው ማግኔት ላይ እንደ ኩል የላመ ብረት ተለጥፏል። ይሄ የተለመደ ነው፤ የሚያስደነግጠው ቁራጭ ጥርስ ቢገኝ ነበር። ከዚያ ማርሾቹና ካቴናው ወጡ፣ የሳስፔንሽኑ ቡሎኖች ተፈቱ፣ ስኖውሞቢሉን በጎኑ አስተኛሁት። ሳስፔንሽኑ ብቻውን ስለሚከብድ ሰው ጥሩ፤ እኔን የጎረቤት ልጅ አገዘኝ። የድራይቨሩ ዘንግ ሲወጣ ኩሽኔታዎቹን በጣት አዙሩና ስሙ። የኔ አንደኛው አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሽ ነበር፤ እዚያው ቀየርኩት።

ትራኩ የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች ላይ 4.3 ኢንች የሚሞላ ማራዘሚያ በቡሎን ታሰረ። የመቅዘፊያው ቁመት እንደ ድሮው ስለሆነ ከላይ ካለው ማቀዝቀዣ ጋር አይነካካም። ቁመቱንም ከጨመራችሁ ግን እዚያ ላይ ያለውን ክፍተት አስቀድማችሁ ለኩ። ውጥረቱን ለማየት የባለቤቴን 10 ፓውንድ የስፖርት ክብደት ትራኩ ላይ አንጠለጠልኩና ስንት እንደወረደ ከመመሪያው ጋር አስተያየሁ። ከላላ ድራይቨሩ ላይ ይዘላል፤ ከጠበቀ ጉልበት ይበላል። አዲስ ትራክ ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ማየት ግድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስታዬ ግማሽ ነበር። መስመጡ ቀርቷል። ሞተሩ ግን ታፍኗል። ሙሉ ጋዝ ሰጥቼው ዳገት ላይ በደቂቃ ከ7,700 ዙር አያልፍም፤ የኔ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 8,200 አካባቢ ነው። ቆሜ ክዳኑን ስከፍት የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑን በእጅ መንካት አይቻልም፣ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ቺንጋም እንደዚያው።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። በየ1,000 ጫማው ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ራቢት ኢርስ ፓስ 9,426 ጫማ ነው፤ ከአዲስ አበባም በ500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ሜዳ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ሲደርስ 40 ያህሉን ጥሏል። በዚያ ላይ ረጅምና ከባድ ትራክ ጫንኩበት። ትራኩ ቀስ እያለ ሲሽከረከር ቺንጋው ፍሪሲዮኑ ላይ ከፍ ብሎ መውጣት አቅቶት ታች ይንሸራተታል፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው።

መድኃኒቱ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የአባይ በረሃን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ምን ያደርጋል? ከባድ ማርሽ። የኔ የላይኛው ማርሽ 20 ጥርስ፣ የታችኛው 42 ነበር፤ 2.10። ወደ 19 እና 43 ቀየርኩት፤ 2.26። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። 20 እና 42 ሲደመር 62 ነው፤ 19 እና 43ም 62። ድምሩ ካልተለወጠ ያው ካቴና ይበቃል። መወጠሪያውን በጣት ብቻ አጥብቄ ሩብ ዙር መለስኩት፤ የኔ መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው። የፍሪሲዮኑን ክብደቶች አልነካሁም። ሁለት ነገር አብሬ ከቀየርኩ የትኛው እንደሠራ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያችው ዳገት ተመለስኩ። ከመውጣቴ በፊት የኮሎራዶን የናዳ ትንበያ አየሁ፤ ረጅም ትራክ ድሮ የማልደርስበት ተዳፋት ላይ ስለሚያወጣኝ አሁን ይህን ሳላይ ከቤት አልወጣም። ናዳ የቀበረውን ሰው ለማግኘት የሚረዳው ጠቋሚ ደረቴ ላይ፣ አካፋውና በረዶ ውስጥ መፈለጊያው ዘንግ ጀርባዬ ላይ። ጋዝ ሰጠሁ። 8,100 ላይ ቆመ፣ አልወረደም። አምና የሰመጥኩበትን ቦታ አልፌ ዛፎቹ ጋ ስደርስ ጮህኩ። ላይ ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ቺንጋው ሞቋል፣ ግን እጄን አስቀመጥኩበት።

የጠፋም አለ። ሜዳ ላይ ከፍጥነቱ 7 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ አልናፈቀኝም። ዛፍ መሃል መጠምዘዝ ግን ከብዷል፤ ሰውነቴን የበለጠ መጠቀም አለብኝ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቷል። ወደ ኋላ ስነዳ ትራኩ የኋላውን የበረዶ መከላከያ ላስቲክ ይስበዋል፤ አንዴ ሙሉ በሙሉ ሊጎርሰው ነበር። ለጊዜው በገመድ ወደ ላይ አስሬዋለሁ። ላስቲኩን ከትራኩ የሚያርቅ የኋላ ብረት ማራዘሚያ የገጠመ ካለ ስንት ኢንች እንደተጠቀመ ይጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ብረቱን ልቆርጥ ነው።