ተሳፋሪው ይናገር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኛል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሆነው ነገር ይመስለኛል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን እንደ ጉድ ያበረዋል። አጠገቤ ያሉት እናት የፊቱን ወንበር ጨብጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ከሌላው ተሳፋሪ ትንፍሽ ያለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ኬንያን ነው የማስበው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 በማታቱዎች (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲዎች) ላይ ጠንከር ያለ ደንብ ሥራ ላይ አውሎ ነበር፤ ፍጥነት መገደቢያ፣ ቀበቶ። አደጋው ግን አላቆመም። ኋላ ላይ ጄምስ ሃብያሪማና እና ዊልያም ጃክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሞከሩ። በዕጣ በተመረጡ ከ1,000 በላይ ማታቱዎች ውስጥ ጽሑፍ ለጠፉ፤ ሌሎቹን ተዉአቸው። ጽሑፉ ለሾፌሩ ምክር አይሰጥም። ተሳፋሪውን ነው "ተናገር፣ ዝም አትበል" የሚለው። ሾፌሮቹ ገንጥለው እንዳይጥሉትም ሎተሪ ተዘጋጀላቸው፤ ጽሑፉ ተለጥፎ ከተገኘ ሽልማት አለ። ከዚያ የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄዎችን ቆጠሩ። ጽሑፍ በተለጠፈባቸው ላይ ቢያንስ በግማሽ ቀንሶ ተገኘ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ 12,000 ገደማ ተሽከርካሪዎችን ይዘው እንደገና ፈተኑት። በዚህኛው ዙር የካሳ ጥያቄው የቀነሰው ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። ከመጀመሪያው አነሰ፤ ያነሰውንም ሳይደብቁ አወጡት። በኔ እምነት ሕዝብን ማክበር ማለት ይኼ ነው። የብዙ ሰው ሕይወት የሚነካ ነገር መጀመሪያ ይፈተናል፣ ይቆጠራል፣ ካልሠራም አልሠራም ይባላል።

እኛ ጋ አዲስ ደንብ በዜና እሰማለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም። ከዓመት በኋላ ግን "ይኼን ያህል ሰው ተረፈበት" ወይም "አልሠራም፣ ትተነዋል" ብሎ የነገረኝ የለም። ለምን? መረጃው ጠፍቶ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ይመዘግባል፣ ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍላል።

ታክሲዎቻችን ደግሞ ድሮም በጥቅስ የተሞሉ ናቸው። በተወሰኑት ላይ "ሲፈጥን ቀስ በል በሉት" የሚል ቢለጠፍ፣ የቀሩት ሳይለጠፍባቸው ቢቆዩና ቢወዳደሩ ምን ይከፋል? ውጤቱን አስቀድሜ አላውቅም። "ወራጅ አለ" ለማለት ድምፃችን ከፍ ይላል፤ "ቀስ በል" ለማለት ግን ይሉኝታ ይይዘናል። ምናልባት አንድ ሰው ሲጀምር ሌላው ይከተል ይሆናል። ምናልባት ሾፌሩ "ካልተመቸህ ውረድ" ይል ይሆናል። በመላምት ከመከራከር ሞክሮ ማየት ይሻላል።

ግን ይኼን ይዞ የትኛው ቢሮ ነው የሚኬደው?